ራቤል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት

«ግሼ ልሄድ ነው» ብል አንዱ ወዳጄ «በዚያው ከግሽ ዓባይ ጠበል ቅዳልኝ» አለኝ። አንዷ ደግሞ «ግሸን ማርያም ስትደርስ ጧፍ አብራልኝ» ብላ መቶ ብር ኪሴ ውስጥ ከተተች። ግሽ ዓባይ ጎጃም፣ ሰከላ ነው። ግሸን ወሎ፣ አምባሰል ናት። እኔ የምለው ግሼ ሰሜን ሸዋ ነው፤ ከመንዝ ቀጥሎ፣ ከደቡብ ወሎ ጋር የሚዋሰን ደጋ። ከተማው ራቤል ስለሚባል ሰው ሁለቱን አጣምሮ «ግሼ ራቤል» ይለዋል። መቶ ብሩን መለስኩና የቀለም ሣጥኔን ይዤ ተነሣሁ። ጊዜው ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነበር።

ሠዓሊ አይደለሁም። ያስነሣኝ ሳሎኔ ውስጥ የተሰቀለ አንድ ሥዕል ነው። ፒያሳ የገዛሁት ነው፤ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ቢጫ ማሳ፣ ብርቱካናማ ሰማይ፣ ሁለት ጎጆ፣ እንስራ ያዘለች ሴት። አንድ ቀን እንግዳ ቡናውን እየጠጣ «ይሄ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። የሣለውም ሰው መልስ ያለው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሥዕል በየሆቴሉና በየቢሮው ሞልቷል፤ ውጭ የሚኖር ዘመድ ሲመጣም ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ናፍቆትም ያስታግሳል፤ ግን የማንም አገር አይደለም። እስቲ ስም ያለው ኮረብታ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ቁጭ ብዬ ልይ አልኩ። 12 ቀለም ያለው የውሃ ቀለም ሣጥን፣ ሦስት ብሩሽ፣ አንድ ጥራዝ ወፍራም ወረቀት። ያለኝ ይኸው ነበር።

እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም። ከዚያ በኋላ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ሸጦት ኖሮ ከአንድ የጤፍ ነጋዴ ጋር ተካፍለን ተቀመጥን። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ ሳይደረስ መንገዱ ወደ ግራ ይገነጠላል፤ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። በስተምሥራቅ ምድሩ ቁርጥ ብሎ ይቀራል። ታች ይፋት ነው፤ ከይፋት ወዲያ አፋር። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ቆላው ቀለም የለውም፣ ጭጋግ ብቻ ነው።

በዚሁ ገደል አፋፍ፣ ወደ ደቡብ፣ አንኮበር ናት፤ አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለደባት። ገና በ15 ዓመቱ የማዕድን ምህንድስና እንዲማር እንግሊዝ ተላከና ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። ማዕድኑን ሌላ ሰው ይቆፍረው ያለ ይመስላል። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሠራው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል አለ። መስታወቱን ቀን ከደጅ ብታዩት ጨለማ ነው። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ብርሃኑ ከጀርባው ሲመጣ ነው ቀለም የሚሆነው። ሞላሌን እንዳለፍን ይኸው ትዝ አለኝ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። በግራችን ያለው ገብስ ጢሙ ሁሉ እሳት ለብሷል፤ በቀኛችን ያለው፣ ያው ገብስ፣ በአንድ ሳምንት የተዘራ ሊሆን የሚችል ገብስ፣ ደብዛዛ ጭድ መስሎ ቆሟል። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ማሳ፣ ሁለት ቀለም። ነጋዴውን አሳየሁት። «የግራው ደርሷል» አለኝ። አልደረሰም ነበር።

ከመሐል ሜዳ ወዲያ ጓሳ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር አገር። እዚህ አንድ ቀን አደርኩ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ያበላሸሁትም እዚሁ ነው። ከሩቅ አይቼ በማስታወሻዬ «ቢጫ» ብዬ ጻፍኩና ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ቢጫ በውሃ አቅጥኜ ለቀለቅሁት። የሰናፍጭ ማሳ መሰለ። ተነሥቼ አንዱ የጓሳ ቁጥቋጦ ሥር ተንበረከክሁ። ሥሩ ያለፈው ዓመት ሣር ነው፤ ሞቶ አመድ መስሏል። ከዚያ በላይ እንደ ተቆላ ገብስ የጠየመ። ከዚያ ቀጥ ያለው አዲሱ ሣር፣ አረንጓዴ ልበለው ስል ሰማያዊነት ያለበት፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ጤዛው ነጭ። ቢጫ የሚባል የትም የለም። ከሩቅ ቢጫ የሚሆነው አራቱ ሲደባለቁ ነው። እንግዲህ ሠዓሊ መሆን ማለት ይህን ማወቅ ከሆነ ሣር አጫጁ ሁሉ ሠዓሊ ነው፤ ለቤት ክዳን የሚሆነውን፣ ለገመድ የሚሆነውንና ለገሳ የሚሆነውን በቀለሙ ነው የሚለየው።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው ዝም ብሎ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የሚባሉት ባለርስት ወገኖች ጓሳውን ዘግተው ይጠብቁት ነበር፤ ለ3 ለ5 ዓመት ማጭድም ከብትም ሳይገባበት ይቆይና በተቆረጠ ቀን ይከፈታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ላላ፤ በኋላ ነዋሪው በማኅበር መልሶ ያዘው። ለሥዕል ሲባል የተጠበቀ ነገር የለም። የቤት ክዳን እንዳይጠፋ ሲሉ ቀለሙንም አቆዩት።

ሣጥኔ ውስጥ አንድ ቀይ ብቻ ነው ያለው። ጓሳ ላይ በአንድ ጠዋት ሦስት ቀይ አየሁ። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ የወንዱ ደረት ላይ ያለው ባዶ ቆዳ አዲስ የተላጠ ቁስል ይመስላል። ቀይ ቀበሮዋ፣ ዘሯ በዓለም ላይ 500 የማይሞላው፣ የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ቆማ ሳያት ዝናብ የመታው የድጅኖ ዝገት ነበረች። ሦስተኛው መንገዱ የቆረጠው አፈር ነው። ሦስቱንም ከአንድ ቀለም ለማውጣት ስታገል ቀበሮዋ ሄደች።

ጅብራውን ግን ሣልኩት፤ አይሮጥማ! ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ይቆይና አንድ ጊዜ ረጅም ግንድ አውጥቶ አብቦ ይሞታል። ከሞተ በኋላም ቆሞ ይቀራል፤ የነጣ፣ እንደ ተተወ የድንኳን ምሰሶ። እኔ የሣልኩት የሞተውን ነው። ለጀማሪ የሚመከር ነው፤ ግራጫ ብቻ ይበቃዋል።

ራቤል የደረስኩት ሲመሻሽ ነው። የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያፋጫል። ያደርኩበት ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ እዚህ አገር እንጨት ውድ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ ከማሳው እየተለቀመ የሚጣል። በመብራት ሳየው ግራጫ የመሰለኝ ግድግዳ ጠዋት ስወጣ ሽበት፣ ብርቱካን ሽበት፣ ጥቁር ሽበት አብቅሎ ቆየኝ፤ በድንጋዩ ላይ የሚበቅለው ሽበት ነው ግድግዳውን የሚቀባው። የተሰጠኝ ብርድ ልብስ ባና ነበር። ጥቁርና ነጭ መስመሩን በእጄ እየዳሰስኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ቀለም አልተነከረም፤ ጥቁሩ የጥቁር በግ ጠጉር፣ ነጩ የነጭ በግ ነው። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሌሊት ጉም ገብቶ ኖሮ ሥዕሎቼ እንደረጠቡ አደሩ። ሠዓሊዎች ይህን ለምን እንደማይነግሩን አላውቅም፤ የውሃ ቀለም በጉም አይደርቅም። ባለቤቲቱ አዘነችልኝና ወረቀቶቹን ከኩበት እሳት አጠገብ አቆመቻቸው። በጅብራው ሰማይ ላይ ጭስ ተቀመጠ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሳሰላስል የነበረው ይህን ነው። ሥዕል በዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ከላይ እስከ ታች የተሣሉ ናቸው። ግን ከቅዱሳኑ ኋላ ምን አለ? ቢጫ። ቀይ። አረንጓዴ። ንጹሕ ቀለም፣ ያለ ዛፍ ያለ ዳገት። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን የወጋበት መሬት የማን ማሳ እንደሆነ ሠዓሊው አይነግረንም፤ ጉዳዩም አይደለም። በዚያ ዓለም ዝናብ አይዘንብም፣ እህል አይደርስም። ስለዚህ የሸዋን ኮረብታ ለራሱ ለኮረብታው ብሎ በቀለም ከሣሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እንግዳ ሰው ሆነ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ አብሮት የነበረ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው፤ ሥዕሎቹ በ1852 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትመዋል። እጁ ያማረ ነው። የሣለው ግን ጥሎት ሊሄድ የመጣበትን አገር ነው።

የራሳችን ሰዎች ወደ ኮረብታው የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምሮ መጣ፤ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ መጣና በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ከሁሉም የሚገርመኝ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ተምሮ፣ ኮረብታና ጎጆ ሣል ሲሉት ረቂቅ ሥዕል ይዞ የመጣ፤ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» እያለ የተጨቃጨቀበት። ያው ሰው ብዕር ሲያነሣ «ሀገሬ» የሚለውን ግጥም ጻፈ፤ ከብሩሽ የቀረውን መልክአ ምድር በቃል አኖረው። በስደት እንዳለ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ናፍቆት ያለበት ሰው ሁሉ ጎጆና እንስራ ይሣል ብሎ የሚያዝ የለም።

ጠዋት ጉሙ ሲነሣ ከከተማው ወጣሁ። ከአንዲት ኮረብታ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፊት ለፊቴ ያለውን ተዳፋት መሣል ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው እረኛ በጎቹን ትቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ያንን የገብስ ማሳ ነው የምሥለው።»

አየው። ማሳውን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ።

«ታዲያ ለምን ቢጫ አደረጉት? ገብስማ አይደለም እንዴ?»

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ገብስማ የምንለው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበትን ጠጉር ነው፤ ገብስማ ዶሮም አለ። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ማሳውን ደግሜ ሳየው ልጁ ትክክል ነበር። ግማሹ ዛላ ነጥቷል፣ ግማሹ ገና ነው፤ በመሐሉ ጥቁር ገብስ የተቀላቀለበትም አለ። ጠጉሩ ሊሸብት የጀመረ ሰው ራስ።

ከዚያ ሥራው ተገለበጠ። እሱ ይናገራል፣ እኔ ከሥዕሉ ዳር እጽፋለሁ። ያ የራቀው ጋራ? «ዳለቻ።» የታረሰው ማሳ? «ጉራቻ፤ ሲደርቅ ዳማ ይሆናል።» ከወዲያ ማዶ ባቄላና ምስር ተጠጋግተው የተዘሩበት ቁራጭ ቁራጭ መሬት? «ቡሬ።» ሣሩ የሳሳበት ዳገት? ትንሽ አሰበና «ቡላ፣ የአያቴ ፈረስ» አለ። አገሩን በከብት ስም ሲጠራ ዳገቱ ሁሉ የተሰማራ መንጋ መሰለኝ። የሌሊቱ ባና ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የቢሾፍቱው ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ ይሥል የነበረው ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ የገባኝ መሰለኝ፤ ሸራ ነጭ ነው፣ በነጭ መጀመር አለብህ። ቆዳ ግን ቀለም ይዞ ነው የሚመጣ፤ ግማሹን ሥራ ፍየሏ ሠርታዋለች።

ከገብሱ በታች ሌላ ማሳ ነበር። ጉሙ እያለ አላየሁትም። አሁን ሰማዩ ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል፤ የፈዘዘ፣ ነፋስ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ ሰማያዊ።

«ይሄስ?»

ልጁ ዝም አለ። ሰማያዊ በሬ የለማ!

«ተልባ ነው» አለኝ።

«ቀለሙን እኮ ነው የምጠይቅህ።»

«ሲያብብ ነዋ! ቀትር ላይ ቢመጡ የለም።»

ቀለም ሲጠየቅ ሰዓት መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ የተልባ አበባ ጠዋት ይከፈታል፣ ፀሐይ ሲበረታበት አምስቱ ቅጠሎቹ ይረግፋሉ፣ በማግስቱ ሌላው ያብባል። ወርጄ አንዷን አበባ በጣቴ ነካሁ። ከጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ከመሐሏ ወደ ዳር የሚሄዱ ጠቆር ያሉ ጭረቶች አሏት፣ ልክ በቀጭን ብሩሽ እንደ ተሠመሩ። ገና ስነካት ሁለት ቅጠል እጄ ላይ ቀረ።

የዘይት ቀለም የሚሠሩ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን የሚያዋህዱት በተልባ ዘይት ነው። አውሮፓውያን ለዘመናት የሣሉበት ደህናው ሸራ የሚፈተለውም ከተልባው ግንድ ነው። እኛ አገር ፍሬው ለጾም ይወቀጣል፣ በእንጀራ ይፈተፈታል፣ ሆድ ለሚያስቸግረው ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ግንዱን የሚፈትል አላየሁም። አዲስ አበባ ያለ ሠዓሊ ደግሞ ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ከውጭ የመጣውን፣ በውድ ይገዛል። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል፤ እዚህ ማሳ ዳር ቆሜ ግን የስንት ሥዕል ዘይት በዚያ ሙቀጫ እንዳለፈ ነው ያሰብኩት።

ሰማያዊውን አላገኘሁትም። ሣጥኔ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰማያዊ ናቸው፤ አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ስደባልቅ ስደባልቅ ሰዓቱ ሄደ። ቀና ብዬ ሳይ ማሳው አረንጓዴ ሆኗል።

የተልባው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ምን እንደምሠራ ሊያዩ መጡ። ተነሥቼ ሥዕሉን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ብዙ አዩት።

«ማሳዬን አሳነስከው፣ ልጄ።»

«ከሩቅ ስለሆነ ነው፣ እማማ።»

«ይሁን። ወሰኑስ? ድንጋዩን የት አደረስከው?»

በገብሱና በተልባው መሐል አንድ የወሰን ድንጋይ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ለእኔ ከብዙ ድንጋይ አንዱ ነበር። «እንዲህ ሆኖ ከሄደ ገብሱም ተልባውም የአንድ ሰው ይመስላል» አሉኝ። በርናትስን ማንም እንዲህ ያለው አይመስለኝም። ቁጭ ብዬ ድንጋዩን ጨመርኩት፤ ዳለቻ፣ ጫፉ ላይ ብርቱካን ሽበት ያለው። እሳቸውም እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ «አሁን የኔ ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ልጁም ወደ በጎቹ።

በነጋታው ተልባው ሲያብብ እንደገና ማሳው ዳር ነበርኩ፤ በሦስተኛውም ቀን። ሰባት ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። የፒያሳውን ሥዕል አውርጄ በቦታው ድንጋይ ያለበትን ሰቀልኩ። ተልባው አሁንም ትክክል አይደለም፤ ትንሽ ጠቁሯል። ከዳር የጻፍኳቸው የከብት ስሞች በመስታወቱ ውስጥ ይነበባሉ።

ጥቅምት ላይ ራቤል የምትሄዱ ከሆነ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ማሳው ዳር ድረሱ። ባና ተከናነቡ። ሥዕሉን ኩበት ጭስ አጠገብ አታድርቁ፤ ማሳ ስትሥሉም ወሰኑን ጠይቁ።